መንታ ጨቅላዎችን የት እናስተኛ? የባሕር ዳርን ቤት ያየ ንጽጽር

እህቴ መንታ ማርገዟን ያወቅነው በአልትራሳውንድ ነው። ደስታው ቤቱን ሞላው። ትንንሽ ልብሶች ተገዙ። ለገንፎው እህል ተፈጨ። ቅቤውም ከገጠር መጣ። የት እንደሚተኙ ግን እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ማንም አላነሳም። አንድ ማታ ራሷ ጠየቀችኝ። "እታለም፣ እነዚህን ሁለቱን የት ነው የማስተኛቸው?"

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የሚኖሩት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት። መኝታ ቤቱን አልጋውና ቁም ሳጥኑ ጨርሰውታል።

ከዚያ በኋላ መዞር ጀመርኩ። አዋላጅ ነርስ ጠየቅሁ። የሕፃናት ሐኪም ጠየቅሁ። መንታ ያሳደጉ እናቶች ቤት ሄጄ ቡና ጠጣሁ። የእንጨት ሥራ ቤቶችንና ገበያውን አካለልኩ። ያገኘሁትን ሰብስቤ የምጽፈው መንታ ለምትጠብቁ ነው። አንድ ልጅ ለሚጠብቅም አብዛኛው ይሠራለታል።

ከአልጋው በፊት አተኛኘቱ

የትኛውንም መኝታ ብትመርጡ የማይቀየር ነገር አለ። ጨቅላ ሕፃን በጀርባው ይተኛል። ቀንም ሌሊትም። ከሥሩ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ፍራሽ ይኑር። አጠገቡ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ የተጠቀለለ ጋቢ አይኑር። ቢያንስ እስከ 6 ወሩ እናቱ ከምትተኛበት ክፍል አይውጣ። ግን የራሱ መኝታ ይኑረው።

ምክንያቱ ከባድ ነው። ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የሚባል አለ። ደህና የነበረ ልጅ እንደተኛ ይቀራል። አብዛኛው የሚደርሰው 6 ወር ሳይሞላቸው ነው። ከ1 እስከ 4 ወር ያለው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 እ.ኤ.አ. ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ። በ1994 እ.ኤ.አ. ምክሩ አገር አቀፍ ዘመቻ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህ በአብዛኛው የመጣው እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባ በማስተኛታቸው ነው።

መንታዎች ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል። ብዙዎቹ ቀናቸው ሳይሞላ ይወለዳሉ። ብዙዎቹ ከ2.5 ኪሎ በታች ናቸው። የእኛዎቹም እንደዚያ ነበሩ። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ከ2.5 ኪሎ በታች።

እናታችን በጀርባ ማስተኛቱን ስትሰማ ደነገጠች። "ወተቱ ወደ ላይ ሲመጣባት ትን ብሏት ትቀርብኛለች" አለች። ይህ የብዙ እናቶች ፍርሃት ነው። ሐኪሙ አልተቆጣትም። ሁለት ጣቶቹን አነባብሮ አሳያት። ልጅ በጀርባዋ ስትተኛ የአየር ቧንቧዋ ከላይ ይሆናል፤ የምግብ ቧንቧዋ ከታች። የመጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ዳገት መውጣት አለበት። ከዚያ እጁን ገለበጠው። በሆዷ ስትተኛ የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል፤ ወተቱም ወደዚያው ይወርዳል። እናታችን ጣቶቹን ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን በጀርባ የምታስተኛ እሷ ሆነች።

በጎን ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም። በጎኑ የተኛ ጨቅላ ሳይታሰብ ወደ ሆዱ ይደፋል።

ከእናት ጋር በአንድ አልጋ

እኛ አገር ልጅ ከእናቱ ጎን ነው የሚተኛው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። ጥቅሙም ይገባኛል። ማጥባት ይቀላል፤ በተለይ በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት በየሁለት ሰዓቱ መነሳት ስቃይ ነው።

ለመንታ ግን ይህን አማራጭ አልመርጥም። እስቲ አልጋውን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። እናት መሃል ላይ፣ አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ። በየትኛውም በኩል መገላበጥ አትችልም። አንዷ ልጅ ከጠርዝ አጠገብ ናት። ሌላዋ ከግድግዳው ወይም ከአባቷ አጠገብ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት አለ። ያቺ ክፍተት ለአዋቂ ምንም አይደለችም። ለ2 ኪሎ ልጅ ግን ወጥመድ ናት።

ፍራሹም አለ። ብዙዎቻችን የምንተኛበት ስፖንጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሃሉ ይጎደጉዳል። ልጅ ወደ ጎድጓዳው ተንሸራታ ከእናቷ ጎን ትለጠፋለች። አፍንጫዋ ከገላ ወይም ከብርድ ልብስ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ያስወጣችውን አየር መልሳ ትስባለች። ፊቷን ለማዞር ገና አቅም የላትም።

አብሮ መተኛት ፈጽሞ የማይሆንባቸው ጊዜያትም አሉ። ልጆቹ ቀናቸው ሳይሞላ ከተወለዱ ወይም ክብደታቸው አነስተኛ ከሆነ፣ ከወላጆች አንዱ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ጠላም ይሁን ቢራ የቀመሰ ካለ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ካለ፣ ሌላ ትልቅ ልጅ አልጋው ላይ ካለ። ከኦፕሬሽን በኋላ የሚሰጡ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች እንቅልፍ እንደሚጥሉም አስታውሱ።

ያም ሆኖ ሌሊት ጋደም ብላ ስታጠባ እንቅልፍ የማይጥላት እናት የለችም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አመቻቹ። አንድ በአንድ አጥቡ። ትራሱንና ጋቢውን ከልጅቷ አርቁ። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ከማንቀላፋት አልጋው ይሻላል፤ ሶፋ በጣም አደገኛው ቦታ ነውና። እንቅልፍ ወስዷችሁ ብትነቁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ልጅቷን ወደ መኝታዋ መልሷት።

ሁለቱን በአንድ የሕፃን አልጋ

"ዘጠኝ ወር አብረው ነበሩ፤ ቢለያዩ ይነፋፈቃሉ።" ይህን ስንት ሰው እንደነገረን አልቆጥረውም። ልብ የሚነካ አባባል ነው። ቦታም ይቆጥባል፣ ገንዘብም ይቆጥባል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። የአሜሪካ ሐኪሞች መንታዎች ለየብቻ ይተኙ ይላሉ። አብሮ መተኛታቸው የሚሰጠው ጥቅም አሳማኝ ማስረጃ የለውም ባዮች ናቸው። እንግሊዝ አገር የሚሰጠው ምክር ደግሞ ላላ ይላል። መገላበጥ እስኪጀምሩ ድረስ በአንድ ሰፊ የሕፃን አልጋ መተኛት ይችላሉ ይላል። ሁለቱም በጀርባ፣ ጎን ለጎን ወይም አንዷ በአንዱ ጫፍ ሌላዋ በሌላው ጫፍ፤ እግሮቻቸው የየራሳቸውን የአልጋ ጫፍ ነክተው። መካከላቸው ትራስም ሆነ የተጠቀለለ ፎጣ አይገባም። ጠባብ ቅርጫት ውስጥ ሁለቱን ማስተኛት ግን እነሱም ይከለክላሉ።

እኔ ወደ መለየቱ አደላሁ። ያሳመነኝ አንድ ከሰዓት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተናቸው ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ታናሿ እጇን ዘረጋች። ጨቅላ እጁ በድንገት እንደሚወረወር ታውቃላችሁ። እጇ ሄዶ የታላቋ አፍንጫና አፍ ላይ አረፈ። ከነ ልብሱ እጅጌ። ታላቋ ፊቷን አጨማደደች፤ ትንሽ ተወራጨች። ግን ማንሳት አልቻለችም። እኔ አነሳሁላት። ሌሊት ቢሆን ማን ያያል?

ሙቀቱም አለ። ሁለት ገላ ሲጠጋጋ ይሞቃል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሌሊት ደግሞ ሳይጠጋጉም ይሞቃል። ከመጠን በላይ መሞቅ ለዚህ ድንገተኛ ሞት ከሚያጋልጡት አንዱ ነው።

አልጋ አንድ ብቻ ካላችሁና ሌላ ምንም አማራጭ ከሌለ የእንግሊዞቹን ምክር በጥብቅ ተከተሉ። መገላበጥ ሲጀምሩ ግን በዚያው ቀን ለዩዋቸው።

አናጢ ቤት የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ አልጋዎች

እኛ የመረጥነው ይህን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው የእንጨት ሥራ ቤት ያየሁት አልጋ በጣም ያምር ነበር። ዋንዛ ነው፤ ጎኑ ላይ አበባ ተቀርጾበታል። ሜትር ይዤ ስለነበር የዘንጎቹን ክፍተት ለካሁ። 9 ሳንቲ ሜትር።

"ጋሼ፣ ይህ ሰፊ ነው" አልኩት።

"እህቴ፣ የልጅ ጭንቅላት በዚህ አያልፍም" አለኝ፤ በእርግጠኝነት።

"አዎ፣ ጭንቅላቷ አያልፍም። ችግሩ እሱ ነው። ገላዋ ያልፍና አንገቷ ላይ ትያዛለች።"

ዝም አለ። ዘንጎቹን በእጁ ያዛቸው። በዓይኑ የሆነ ነገር የሚለካ ይመስል ነበር። የራሱ የልጅ ልጆች በእንደዚያ ዓይነት አልጋ እንደተኙ በኋላ ነገረኝ። የኛን በ5.5 ሳንቲ ሜትር ሠራው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጡት ሁሉ እንደዚያ እንደሚሠራ ነግሮኛል፤ እኔም አምኜዋለሁ።

ስለዚህ ልኩን ያዙ። የዘንጎቹ ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሜትር ከሌላችሁ የለስላሳ ቆርቆሮ ውሰዱ። ቆርቆሮው በዘንጎቹ መሃል ካለፈ አልጋው አይሆንም። ፍራሹ ከአልጋው ጎን ጋር ይግጠም፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሰፊ ነው። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ አታሠሩ። እንዲህ ያለው አልጋ ብዙ ሕፃናትን ይዞ ስለገደለ አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች። ጫፉ ላይ ጉጥ ወይም ጌጥ አይውጣ፤ ልብስ ይይዛል። በሚስማር ከሚመታ በብሎን ቢታሰር ይሻላል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማር ይላላል። ቀለም አያስፈልገውም። ቫርኒሽ ካስቀባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ አሠሩና ሽታው እስኪጠፋ አየር ላይ ይቆይ። አልጋውን ልጆቹ ሊወለዱ ሳምንት ሲቀረው ማዘዝ ስህተት ነው።

ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው የቀርቀሃ ሥራም አለ። ቀላልና ርካሽ ነው። ግን ቀርቀሃው እኩል ስላልሆነ ክፍተቱ በየቦታው ይለያያል። ሁሉንም ለኩት። ስንጥር እንዳይኖረው ደግሞ በእጃችሁ ዳስሱት።

አሁን ወደ ልኩ። የእህቴ አልጋ ርዝመቱ 1.90 ሜትር ነው። ከጎኑ ያለው ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን አያስገባም። ብዙ አሰብን። መልሱን ያገኘው የእህቴ ባል ነው። እያንዳንዳቸው ርዝመታቸው 90፣ ወርዳቸው 45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አልጋዎች አሠራንና ጫፍ ለጫፍ አገጣጠምናቸው። 1.80 ሜትር ሆኑ። የእናታቸውን አልጋ ተከትለው ልክ ገቡ። እህቴ እጇን ዘርግታ ሁለቱንም መንካት ትችላለች። ለማጥባት አልጋዋ ላይ ቁጭ ማለት ብቻ በቃት።

የዚህ ጉዳቱ ዕድሜው ነው። ትንሹ አልጋ ከ5 ወር ብዙም አያልፍም። ቦታና ገንዘብ ካላችሁ 60 በ120 የሆነውን መደበኛ ልክ ሁለት አሠሩ፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ሌላም መንገድ አለ። አንድ ሰፊ አልጋ አሠርቶ መሃሉን በዘንግ መክፈል። ክፍፍሉ እንደ ጎኖቹ በተመሳሳይ ክፍተትና ጥንካሬ ይሠራ፤ ለየግማሹም ልኩን የጠበቀ የራሱ ፍራሽ ይቆረጥ። በጨርቅ ወይም በትራስ መክፈል ክፍፍል አይባልም።

ፍራሹን ስፖንጅ ከሚሸጡበት ቦታ በልክ አስቆርጡ። ጠንካራውን በሉ። በመዳፋችሁ ተጫኑት። ስትለቁት ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። የእጃችሁ ቅርጽ ከቀረ ተዉት። ላስቲክ ልቅ አድርጋችሁ አታንጥፉ፤ ፊቷ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። አንሶላው ተወጥሮ ከፍራሹ ሥር ይታጠፍ።

ከውጭ የሚመጡት ታጣፊ አልጋዎችም ጥሩ ናቸው፤ ጎናቸው ወንፊት ስለሆነ አየር ያስገባል። አብሯቸው የመጣው ፍራሽ ቀጭን ነው ብላችሁ ግን ሌላ ስፖንጅ አትደርቡ። ቅጥነቱ ታስቦበት ነው።

ቅርጫትና ካርቶን

የሙሴ እናት ልጇን በደንገል ሣጥን አድርጋ ወንዝ ዳር አስቀመጠችው። በጣና ዳርም ደንገል ዛሬ ድረስ ታንኳ ይሆናል፣ ቅርጫት ይሆናል፣ ምንጣፍ ይሆናል። ቅርጫት ውስጥ ልጅ ማስተኛት ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይቻላል። ግን አንድ ቅርጫት ለአንድ ልጅ። ታቹ ጠፍጣፋ ይሁን። ብዙዎቹ ቅርጫቶች ታቻቸው ክብና ጎድጓዳ ስለሆነ ልጅቷ ትጎብጣለች፤ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን የአየር መንገዷ ይጠባል። እንዳይገለበጥ መሠረቱ ሰፊ ይሁን። ደንገል ርጥበት ስለሚይዝ ደግሞ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይውጣ።

ካርቶንስ? ፊንላንድ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእናቶች የሕፃን ልብስ የሞላበት ካርቶን ትሰጣለች። ካርቶኑ ውስጥ ፍራሽ አለ፤ ብዙ የፊንላንድ ልጆች የመጀመሪያ ወራታቸውን የተኙት እዚያ ውስጥ ነው። እኔም ገንዘብ ላጠራት እናት ይህን ከመምከር ወደ ኋላ አልልም። ደረቅና ጠንካራ ካርቶን፣ ልኩን የጠበቀ ጠንካራ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ። ለሁለት ልጅ ሁለት ካርቶን። ወለል ላይ ይቀመጥ፤ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ላይ አይውጣ። ልጅ ውስጡ እያለ አይነሳ። ወለሉ ይጠረግ፤ ጉንዳንና አይጥ እንዳይኖር ይታይ። አልጋ ላይ ከጋቢ ክምር መሃል ከተኛች ልጅ ካርቶን ውስጥ የተኛችው ደህና ናት።

ጋሪ፣ የመኪና ወንበር፣ ዥዋዥዌና አንቀልባ መኝታ አይደሉም። መንገድ ላይ እንቅልፍ ቢወስዳቸው ቤት ስትደርሱ አውጥታችሁ በጀርባ አስተኟቸው። አንቀልባ ወይም ነጠላ ስታዝሉ ፊቷ ይታያችሁ፣ አገጯም ከደረቷ ይራቅ። ትንንሾቹን መንታዎች ከኋላ ለማዘል አትቸኩሉ።

ደረት ላይ

ቀናቸው ሳይሞላ ለተወለዱ ልጆች ከሁሉም የሚበልጥ ቦታ አለ። የእናት ደረት ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የማሞቂያ መሣሪያ ባጠረበት ሆስፒታል ነው የተጀመረው። ልጅቷ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ ገላ ለገላ ደረት ላይ ቀጥ ብላ ትታሰራለች። ፊቷ ወደ ጎን ይዞራል፤ አፍንጫዋ ነፃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ ከተወለዱ በኋላ ቶሎ እንዲጀመር ይላል።

ለመንታ ደግሞ አባት አለ። እህቴ ታላቋን ስትይዝ ባሏ ታናሿን ይይዝ ነበር። ሸሚዙን ከፍቶ፣ በነጠላ ታስሮ። መጀመሪያ አፍሮ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤት ሲመጣም አልተነሳም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የወለዳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አስተሳሰሩን ነርሶቹ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እስከ ስንት ኪሎ እንደምትቀጥሉም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ 2.5 ኪሎ እስኪሞሉ ነው። ይህ ግን ነቅተው ወይም ሌላ ሰው እያያቸው የሚያደርጉት ነው። ሶፋ ላይ ብቻችሁን ድካም ከጣላችሁ ልጅቷን ወደ አልጋዋ መልሷት።

አጎበሩ፣ ሙቀቱ፣ ጭሱ

ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ወባው አለ። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይብሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የመኝታ ምርጫ ከአጎበር ምርጫ አይለይም። የእህቴ ቤት አጎበር ወርዱ 1.60 ነው፤ ትልቁን አልጋ ይሸፍናል፣ ትንንሾቹን አይጨምርም። ሌላ አጎበር ለሁለቱ ትንንሽ አልጋዎች ከላይ ሰቀልን። ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይገባል። እንዳይረግብ ይወጠራል፤ የረገበ አጎበር ልጅ ፊት ላይ ያርፋል። በመድኃኒት የተነከረው አጎበር ለጨቅላም ይሆናል። አዲስ ከሆነ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ጥላ ላይ አንድ ቀን ይናፈስ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉት ትንንሾቹም ይጠቅማሉ፤ ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሻማ አጎበር አጠገብ አታብሩ። ባትሪ ያዙ።

"ብርድ እንዳይመታቸው" የሚለው ፍቅር ነው፤ ግን ያበዛዋል። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ብቻ ጨምሩ። እጅና እግራቸው ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ። ደረታቸውን ወይም ከአንገታቸው ጀርባ ንኩ። ካላበ በዝቷል። ትንሽ ክብደት ላላቸው ኮፍያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እሱን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ቤት ውስጥ ሲተኙ ኮፍያ ተንሸራቶ ፊት ላይ ሊወርድ እንደሚችል ግን አትርሱ። ከጠቀለላችኋቸው እጃቸውን እንጂ እግራቸውን አታጥብቁ። ዳሌያቸው እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ይንቀሳቀስ፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ማሰር የዳሌ መገጣጠሚያን ሊያወልቅ ይችላል።

ስለ ከሰል አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አራስ ቤት ይሞቅ ተብሎ ምድጃ ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ አይታይም። አዋቂውንም ሕፃኑንም እንቅልፍ ላይ እያሉ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ነዶ ቡናው ውጭ ይፈላ። ሲጋራ የሚያጨስ እንግዳም ግቢ ውስጥ እንኳ ሩቅ ይቁም።

ሰማንያኛው ቀን

አንድ ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና በ80ኛው ቀን ነው። ሁለት ወር ከ20 ቀን። አደጋው በጣም ከሚበረታበት ጊዜ መሃል ይወድቃል። በዚያ ቀን ቤቱ በሰው ይሞላል። ትንንሾቹ አልጋዎች "ቦታ ያዙ" ተብለው ከመኝታ ቤት ወጡ። ልጆቹን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዷ አክስት ትልቁ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። እንግዳው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን እዚያው አልጋ ላይ ይከምር ነበር። እኔ ስገባ ያየሁት ነጭ ክምር ነው። ታናሿ አልታየችኝም። አንዱን ጋቢ ሳነሳ ፊቷ ወጣ። ቀይ ሆና አልቧት ነበር። ደህና ነበረች። እጄ ግን እስኪመሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ድግስ ካላችሁ ቀድማችሁ አንድ ሰው መድቡ። ሥራው ልጆቹ ያሉበትን ክፍል መጠበቅ ብቻ ይሁን። አልጋዎቹ ከቦታቸው አይነሱ። የእንግዳ ልብስ ሌላ ክፍል ይሁን። እሱ ሰው ያልጠጣ ይሁን።

አራት ወር ከመንፈቅ ሲሞላቸው ታናሿ በአንድ ጠዋት ሆዷ ላይ ተገኘች። ራሷ ተገልብጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እናቷን እያየች። በዚያው ቀን መጠቅለያውን አቆምን፤ ለታላቋም ጭምር። ማታ አሁንም በጀርባ እናስተኛቸዋለን፤ በራሳቸው ከተገለበጡ ግን እየነቃን አንመልሳቸውም። የእህቴ ባል ሜትሩን ይዞ ወደዚያው አናጢ ሄዷል። 60 በ120፣ ሁለት። ክፍተቱን ሊነግረው ሲጀምር አናጢው "አውቀዋለሁ፣ አምስት ተኩል" አለው።